ባሩድ ሲጠፋ በሌላ ባሩድ መተካት ይቻላል? ከሰንዳፋ ለመጣ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ይህ ነው።

«ጋሼ፣ የምኖረው ከሰንዳፋ ወጣ ብሎ ነው። አያቴ በአርበኝነት ዘመን የያዙት ምንሽር አባቴ ጋ ነበር። አባቴ ካረፉ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ለሙት ዓመታቸው ሦስት ጥይት እንዲተኮስላቸው ቤተሰቡ ፈልጓል፤ ግን የዚያ ጠመንጃ ጥይት ከየትም ጠፋ። ኮሎራዶ ያለው ወንድሜ ጥይት በእጁ ይሞላል። እዚያም ባሩድ ስለጠፋ በሌላ ዓይነት ተክቶ፣ ለልጁ ትከሻ እንዲመች ቀነስ አድርጎ እንደሚሞላ በስልክ ነገረኝ። ይህን ለአንድ የሰፈር ሰው ሳወራለት ‹የክላሽ ጥይት እንፈልቅቅና ባሩዱን በአሮጌው ቀለህ እንሙላ፤ ጠመንጃው ስላረጀ ግማሽ ብቻ እናድርግ› አለኝ። ወንድሜ የሚያደርገውን እኛ ብናደርገው ምን ችግር አለው? እሱስ ተተኪውን ባሩድ የሚመርጠው በምንድን ነው?»

ወንድሜ፣ አባትህን ነፍስ ይማር። እናንተንም ያጽናችሁ።

መልሱን አላዘገይብህም። አታድርጉት። ሰውየው «ግማሽ ብቻ» ያለው ለጠመንጃውም ለእናንተም አስቦ ነው። በርበሬ ቢበዛ ያቃጥላል፣ ቢቀነስ ደግሞ ይለዝባል። ባሩድ ግን እንደዚያ አይደለም። ሲቀነስ ሁልጊዜ አይለዝብም፤ አንዳንዱ ባሩድ እንዲያውም ሲቀነስ ነው የሚያስፈራው። 27 ዓመት መሣሪያ ስጠግን ኖሬ አሁን ለገጣፎ ጡረታ ላይ ነኝ። በዚያ ሁሉ ዓመት ከሰዎች አፍ ለማውጣት ያቃተኝ አንድ ቃል «ትንሽ ባሩድ ምን ያመጣል» የሚለው ነው። ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልንገርህ። ወንድምህ በትክክል የሚሠራውን ከተረዳህ፣ የሰፈሩ ሰው ያለው ነገር ለምን ከዚያ ጋር እንደማይመሳሰል ራስህ ታየዋለህ።

ከእሳት እንጀምር። እናትህ በባህር ዛፍ ቅጠል እንጀራ ስትጋግር አይተሃል። ቅጠሉ ቦግ ይላል፣ ምጣዱን ያግለዋል፣ ወዲያው ይጠፋል። ጭራሮ ትንሽ ይቆያል። ግንድ ደግሞ ለመያዝ ያስቸግራል እንጂ ከያዘ ሌሊቱን ያድራል። ሦስቱም ያው ባህር ዛፍ ናቸው። ልዩነቱ የሚነዱበት ፍጥነት ነው። ባሩድም እንዲሁ ነው። ጭስ አልባው ባሩድ በአብዛኛው ከአንድ ነገር፣ ከናይትሮሴሉሎስ ነው የሚሠራው፤ አንዳንዱ ናይትሮግሊሰሪን ይጨመርበታል። የሽጉጥ ባሩድ እንደ ቅጠሉ ነው። የረጅም ጠመንጃ ባሩድ እንደ ግንዱ ነው። ጥይቱን የሚሠራው ሰው የመጀመሪያ ሥራ ለዚያ አረርና ለዚያ ቀለህ የሚስማማውን ፍጥነት መምረጥ ነው።

አንድ ነገር ግን ከምድጃው ይለያል። ምድጃ ብትደፍነው እሳቱ ይዳፈናል። ባሩድ ብታፍነው ይብሳል። በቀለህ ውስጥ ግፊቱ ሲጨምር ባሩዱ የሚነድበት ፍጥነትም ይጨምራል፤ ፍጥነቱ ሲጨምር ግፊቱ መልሶ ይጨምራል። ይህ ሁሉ አረሩ ከበርሜል ሳይወጣ፣ በሰከንድ አንድ ሺህኛ አካባቢ ውስጥ ያልቃል። ግፊቱን እንድትገምተው ያህል፣ የጭነት መኪና ጎማ 100 ፒ.ኤስ.አይ ገደማ ይነፋል። ወንድምህ ምናልባት የሚሞላው ‹ሠርቲ ኦ ሲክስ› የሚሉት ጥይት የግፊት ጣሪያው 60,000 ፒ.ኤስ.አይ ነው። 600 እጥፍ ማለት ነው። ያ ሁሉ ግፊት ደግሞ ከፊትህ አንድ ስንዝር ላይ ነው።

አሁን ወደ ወንድምህ እንሂድ።

እሱ ባለበት አገር በግል ጥይት መሙላት የተለመደና የተፈቀደ ነው። ባሩዱ በስሙ ታሽጎ ይሸጣል፤ ተፈትኖ የተረጋገጠው ልክ የተጻፈበት መጽሐፍም አለ። እጥረቱ እውነት ነው። በፈረንጆቹ 2020 ወረርሽኙ ሲመጣ ሰው ባሩዱንም ካፕሱሉንም (ከቀለሁ ሥር ሆኖ እሳቱን የሚጭረውን) ከመደርደሪያ ጠራርጎ ወሰደ። ከዚያ በ2022 የዩክሬን ጦርነት ተከተለ። የመድፍ ባሩድም የሚሠራው ከዚያው ከናይትሮሴሉሎስ ነው፤ ፋብሪካው ማንን እንደሚያስቀድም ግልጽ ነው። በ2024 መጀመሪያ ላይ አንድ ትልቅ አቅራቢ ለግል ገዢዎች የሚሸጠውን ባሩድ መላክ ለጊዜው ማቆሙን እስከማሳወቅ ደረሰ። ለዘብ ያለ ጥይት ለሚሞሉ ሰዎች ደግሞ ነገሩ ድርብ ነው። ለዚሁ ሥራ ተብለው ከተሠሩት ባሩዶች ኤስ.አር 4759 ማምረቱ ከቆመ ዓመታት አልፎታል። ትሬይል ቦስ የሚሉትም ከገበያ ከጠፋ ቆይቷል።

ታዲያ ወንድምህ ምን ያደርጋል? ትክክለኛ ሰው ከሆነ (እንደ ነገርከኝ ለልጁ የሚያስብ ሰው ነው) ከባሩዱ አይጀምርም፤ ከመጽሐፉ ነው የሚጀምረው። «ይህን ጠመንጃ፣ በዚህ ክብደት አረር፣ ዝቅ ባለ ኃይል የፈተነ ማን ነው? በየትኛው ባሩድ ነው የፈተነው?» ብሎ ይጠይቃል። ከተፈተኑት ባሩዶች መካከል ሱቅ ውስጥ ያለውን ይገዛል። መተካት ማለት ይኸው ነው። ከጠፋው ባሩድ ጋር የሚመሳሰል ፈልጎ የድሮውን ልክ በአዲሱ መሙላት አይደለም። ሁለቱ ነገሮች ከሩቅ ይመሳሰላሉ፤ ቅርብ ሲሉ ግን አንዱ ሥራ ነው፣ ሌላው ቁማር ነው።

መመሳሰል ለምን እንደማይበቃ ላሳይህ። አንድ ጊዜ ለአዲስ ሠልጣኞች ሦስት ነጭ ሳህን ደረደርኩላቸው። የመጀመሪያው ላይ ያለው ባሩድ ልክ ጎመን ዘር ነው፤ ድቡልቡል፣ ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ። ሁለተኛው ላይ ኑግ የመሰለ፣ ሾል ሾል ያለ። ሦስተኛው ላይ ደግሞ ድጋሚ ጎመን ዘር። «የትኞቹ አንድ ናቸው?» አልኳቸው። ሁሉም አንደኛውንና ሦስተኛውን ጠቆሙ። አንደኛው የሽጉጥ ነበር። ሦስተኛው የረጅም ጠመንጃ ነበር። በጣት ብታሻቸው፣ ብታሸታቸው፣ ፀሐይ ላይ ብታያቸው ልዩነት አታገኝም። ፍጥነቱን የሚወስነው የፍሬው መጠንና ቅርጽ ብቻ አይደለም፤ መንደዱን እንዲያዘገይ የሚቀባው ኬሚካልም አለ። ያን ደግሞ ዓይን አያየውም። ላዩ ላይ የሚያብለጨልጨው ግራፋይት ነው፤ ሁሉንም አንድ ያስመስላቸዋል።

ስም እንኳ ያሳስታል። በአሜሪካ ገበያ ኤች 4831 እና አይ.ኤም.አር 4831 የሚባሉ ሁለት ባሩዶች አሉ። ቁጥራቸው አንድ ነው። ግን የሁለተኛው ፍጥነት ከመጀመሪያው ይበልጣል፤ የአንዱን ልክ ወስዶ በሌላው የሞላ ሰው ከጣሪያው ያልፋል። ኤች 4895 እና አይ.ኤም.አር 4895ም እንደዚሁ አንድ አይደሉም። በተቃራኒው ደግሞ ኤች 110 እና ዊንቸስተር 296 ስማቸው ለየቅል ሆኖ አንድ ባሩድ ናቸው። ይህን ሁሉ በግምት የሚደርስበት ሰው የለም። የሚታወቀው ተጽፎ ስለተቀመጠ ብቻ ነው።

ባሩዶችን ከፈጣኑ እስከ ዘገምተኛው በተርታ የሚያስቀምጥ ሠንጠረዥም አለ። ወንድምህ ሳያየው አይቀርም። ጥሩ ነገር ነው፤ ግን ወረፋ ብቻ ነው የሚያሳየው። ማን ከማን ይቀድማል ይላል እንጂ በስንት እንደሚቀድም አይናገርም። ሁለት የተለያዩ አዘጋጆች ያወጡትን ብታስተያይ ቅደም ተከተሉ ራሱ እዚህም እዚያም ይለዋወጣል። ጎን ለጎን ስለተቀመጡ ብቻ አንዱን በሌላው ልክ መሙላት፣ ባንክ ወረፋ ላይ ከኋላህ የቆመው ሰው አንተን ያህል ገንዘብ አለው እንደማለት ነው።

እንግዲህ «መቀነስ» የሚለው ላይ ደረስን። የጥያቄህ ልብ እዚህ ላይ ነው፤ ሰው የሚጎዳውም እዚህ ላይ ነው።

አንዳንድ ባሩድ መቀነስን ይችላል። ኤች 4895ን የሚሸጠው ኩባንያ ራሱ ስለዚህ መመሪያ አውጥቷል። ያ ባሩድ በመጽሐፉ ለተመዘገበለት የጠመንጃ ጥይት፣ ትልቁን ልክ ወስዶ እስከ 60 በመቶው ድረስ መውረድ ይቻላል ይላል። ለወጣት ተኳሾች ብለው ያዘጋጁት ነው። ወንድምህ ለልጁ የሚሞላው በዚህ መንገድ ቢሆን አይገርመኝም፤ እኔም ብጠየቅ መጀመሪያ የምጠቁመው ይህንኑ ነው። ግን ልብ በል፤ 60 በመቶው የሚሠራው ለኤች 4895 ነው። በስም ለሚመስለው ለአይ.ኤም.አር 4895 እንኳ አይሠራም።

ኤች 110ን ደግሞ ውሰድ። ይኸው ድርጅት ስለዚህኛው ሲጽፍ ከተመዘገበው ልክ ከ3 በመቶ በላይ እንዳትቀንሱ ብሎ ያስጠነቅቃል። ሦስት በመቶ! አንዱ ባሩድ 40 በመቶ ቢቀነስ ይሸከማል፤ ሌላው 3 በመቶም አይሸከምም። ሁለቱም ከአንድ ድርጅት፣ በአንድ ዓይነት ጣሳ ይሸጣሉ። የሰፈሩ ሰው «ግማሽ» ሲል የትኛው በእጁ እንዳለ በምን አውቆ ነው?

ሲቀነስ የሚመጣው ችግር አንድ ዓይነት አይደለም። በብዛት የሚያጋጥመው አረሩ በርሜል ውስጥ ተሰንቅሮ መቅረት ነው። ግፊቱ አንሶ መንገድ ላይ ያልቅበታል። ተኳሹ «ጧ» የሚለውን ሳይሆን «ፖፍ» የሚል ነገር ይሰማል። አልተኮሰም ብሎ ሁለተኛ ያጎርሳል።

የዚህን ውጤት በእጄ ይዤዋለሁ። አንድ ጠዋት አንድ ጠመንጃ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጠ። «አልሞ መምታት እምቢ አለ» ነው የተባልኩት። ከላይ ሳየው ምንም የለውም። በሌጣ እጄ በርሜሉን ከሰደፉ ወደ አፈሙዙ ሳብሰው ከመሃል አልፎ ጣቴ አንድ ነገር ላይ ተሰናከለ። እንደ ቀለበት ዙሪያውን ያበጠ ነው፤ ከዓይን ይልቅ ጣት ነው የሚያገኘው። መቀርቀሪያውን አውጥቼ በመስኮቱ ብርሃን ወደ ውስጥ አየሁ። የሚያበራው ቀዳዳ መሃል ላይ ጥቁር ክብ ተስሏል። ያ ጥቁር ክብ የመጀመሪያው አረር የቆመበት ቦታ ነው። ሁለተኛው መጥቶ ሲገፋው ብረቱ ተለጠጠ። እርጥበት ያገኘው አሮጌ ጥይት ነበር የተኮሱት። ያ ብረት ስለተለጠጠ ልጁ ተረፈ። ቢሰነጠቅ ኖሮ ጠመንጃውን የያዘበት ግራ እጁ ያለው ልክ እዚያ ነበር። ልጁን ጠርቼ ጣቱን እዚያ ቀለበት ላይ አስቀመጥኩት። ምንም አልተናገረም። ለረጅም ጊዜ ጣቱን አላነሳም።

ሁለተኛው ችግር ባዶ ቦታ ነው። ለረጅም ጠመንጃ የተሠራ ቀለህ 3 ግራም ገደማ ባሩድ ይይዛል። ፈጣን ባሩድ በትንሹ ከተሞላበት አብዛኛው ባዶ ይሆናል። አፈሙዙን ወደ ታች ስታደርግ ባሩዱ ወደ አረሩ ይንሸራተታል፤ ቀና ስታደርግ ወደ ካፕሱሉ ይመለሳል። የሚነሳው እሳትም በዚያው ልክ ይለዋወጣል። ከዚህ የባሰው ግን በስህተት ሁለት ጊዜ መሙላት ነው። ቦታ ስላለ ሁለተኛውም ይገባል፤ ቀለሁ ተርፎ አይፈስም። ለዚህ ነው ወንድምህ አረር ከመድፈኑ በፊት ቀለሆቹን ደርድሮ በባትሪ ብርሃን አንድ በአንድ ውስጣቸውን ማየት ያለበት። ትሬይል ቦስ የተወደደውም በዚህ ነው። ፍሬው መሃሉ ክፍት የሆነ ቀለበት ስለሆነ ቦታ ይይዛል፤ ሁለቴ ከሞላኸው ተርፎ ይፈሳል። አሁን እሱን ያጣ ሰው ይህን ጥበቃም አጥቷል ማለት ነው፤ ስለዚህ ባሩዱን ሲተካ ጥንቃቄውን መጨመር አለበት።

ሦስተኛው እስካሁን የሚያከራክር ነው። በጣም ዘገምተኛ ባሩድ፣ ያ ግንድ ያልኩህ፣ ትልቅ ቀለህ ውስጥ በጣም ሲቀነስ አልፎ አልፎ ግፊቱ ድንገት ሰማይ ይነካል። ጠመንጃ ይበትናል። አንዳንዶች እሳቱ መጀመሪያ አረሩን ትንሽ ገፍቶ ያቆመውና የቀረው ባሩድ የተዘጋ በርሜል ያገኛል ይላሉ። ሌሎች የባሩዱ ገጽ ሁሉ ተጋልጦ በአንዴ ይያያዛል ይላሉ። በምክንያቱ ሁሉም አልተስማማም። በሥራው ግን ሁሉም ይስማማል፤ ዘገምተኛ ባሩድ ከመጽሐፉ መነሻ ልክ በታች አይወርድም። ለዘብ ያለ ጥይት የሚፈልግ ሰው ወደ ፈጠን ያለው ይሄዳል እንጂ የያዘውን ዘገምተኛ አይቀንስም።

ለወንድምህ ሁለት ነገር ጨምርልኝ። ዝቅ ያለ ኃይል ለመሥራት የእርሳስ አረር ከመዳብ ለባሹ ይሻላል። እርሳስ በርሜል ውስጥ በቀላሉ ይንሸራተታል፤ መዳቡ ግን ይያዛል፤ ተሰንቅሮ መቅረትም በእሱ ይብሳል። ሌላው፣ ሲሞላ ጠረጴዛው ላይ አንድ ጣሳ ባሩድ ብቻ ይኑር። ሁለት ከሆኑ አንድ ቀን ይቀላቀላሉ። የተረፈውን ደግሞ በራሱ ጣሳ እንጂ በሌላ ዕቃ አያስቀምጥ።

በስልክ ስታወሩ አንድ ነገር ደግሞ ያስፈራኛል። እሱ የሚለካው በግሬን ነው። እኛ ጆሯችን የለመደው ግራም ነው። በስልክ መስመር ላይ ሁለቱ ቃላት አንድ ናቸው። 1 ግራም ከ15 ግሬን በላይ ነው። «25» ያለህን እዚህ ያለ ሰው በግራም ከሰማው፣ 25 ግራም ስለማይገባለት ቀለሁን እስከ አፉ ይሞላዋል፤ ያም ሆኖ ገና ያልደረሰ ይመስለዋል። እባክህ ከእሱ የሰማኸውን ቁጥር ለማንም አታቀብል።

አሁን ወደ ሰፈርህ ሰው እንመለስ። ወንድምህ ያለው ነገር ሁሉ እሱ ጋ የለም። ወንድምህ የባሩዱን ስም ያውቃል። ከክላሽ ጥይት የሚፈለቀቀው ባሩድ ስም የለውም። ፋብሪካ ለራሱ የሚገዛው ባሩድ በየምርቱ ዙር ትንሽ ትንሽ ይለያያል፤ ፋብሪካው በግፊት መለኪያ እየፈተነ ልኩን ያስተካክላል። ዛሬ የፈለቀቅከውና ከርሞ የምትፈለቅቀው አንድ ላይሆን ይችላል። ለክላሽ ቀለህ 1.6 ግራም ገደማ ተደርጎ ለእሱ አረር ተፈትኗል። ለአያትህ ጠመንጃ ግን የፈተነው የለም። የምንሽሩ «ግማሽ» ስንት ነው? የክላሹ ግማሽ ነው ወይስ የአሮጌው ቀለህ ግማሽ? በአሮጌው ቀለህ ግማሽ ከሆነ 1.5 ግራም ነው፤ ይህ ማለት የክላሹን ሙሉ ልክ ከሞላ ጎደል መጨመር ነው። ሰውየው «ግማሽ» እያለ ሙሉ ሊሞላ ነው።

አረሩንስ ከየት ያመጣዋል? የተተኮሰ ቀለህ ላይ ያለው ካፕሱል አንድ ጊዜ ነዷል፤ እሱንስ በምን ይተካዋል? ጠመንጃውስ ምንድን ነው? «ምንሽር» ስንል ስንቱን ነው የምንለው። ከአርበኞች እጅ የቆየ ሲባል የጀርመን ሥሪት 7.92 ሚሊሜትር ማውዘር አይቻለሁ፤ ከጣሊያን የተማረከ 6.5 ሚሊሜትር ካርካኖም አይቻለሁ፤ የሁለቱንም ባለቤቶች ምንሽር ሲሉት ሰምቻለሁ። የክላሽ አረር 7.9 ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት አለው። ለማውዘሩ ይቀጥናል፤ የእሱ አረር 8.2 ሚሊሜትር ነው። ለካርካኖው ደግሞ ከልክ በላይ ይወፍራል። ጠመንጃው ውጅግራ ቢሆንማ ነገሩ ሌላ ነው። ውጅግራ በፈረንጆቹ 1874 የወጣው፣ ‹ግራ› የሚባለው የፈረንሳይ ጠመንጃ ነው፤ ስሙም ከዚያው የመጣ ነው። የተሠራው ለጥቁር ባሩድ ነው። ጭስ አልባ ባሩድ ለሠራዊት ጠመንጃ የበቃው ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ1886 ሌቤል በሚባለው የፈረንሳይ ጠመንጃ ነው። ጥቁሩ ባሩድ፣ ያ አባቶቻችን በጨው ጴጥር፣ በከሰልና በድኝ የሚቀምሙት፣ የሚሰጠው ግፊት ዛሬ ከምናውቀው ከግማሽ በታች ነው። የውጅግራ ብረት የሚያውቀው ያንን ነው። ጭስ አልባ ባሩድ በማንኪያም አይገባበትም።

ሕጉንም ላንሳልህ። እኛ አገር በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ ጥይት መሥራት ወንጀል ነው፤ በጓዳ ቀለህ መሙላትም ከዚያው ይቆጠራል። ፈቃዱ የተሰጠው ለአባትህ ነው፤ ጠመንጃው ቤት ስለቀረ ብቻ ወደ አንተ አይተላለፍም። ዓመት ሊሞላ ነው ብለሃል። ከሙት ዓመቱ በፊት ፖሊስ ጣቢያ ሄደህ አባትህ ማረፋቸውንና መሣሪያው ቤት መኖሩን አስመዝግብ። ባዶ እጅህን፣ የአባትህን ፈቃድ ወረቀት ብቻ ይዘህ ሂድ። ጠመንጃውን ተሸክመህ መንገድ እንዳትወጣ፤ እንዴት እንደሚቀርብ እነሱ ይነግሩሃል።

ስለ ሦስቱ ተኩስም የማስበውን ልንገርህ። ለአርበኛ ልጅ መተኮስ ክብር እንደሆነ ይገባኛል፤ የእኔም አባት ሲቀበር ተተኩሷል። ያኔ ግን ለቅሶው ሜዳ ላይ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ እርሻ ነው። ዛሬ ሰንዳፋ ዙሪያ ቤት የሌለበት አቅጣጫ የት አለ? ወደ ሰማይ የተተኮሰ አረር ይወርዳል፤ የአንድ ሰው ቆርቆሮ ላይ፣ የአንድ ሰው ልጅ ላይ። «አረሩን አውጥተን በባዶው እንተኩስ» የሚል ሰው ከመጣም እሺ አትበሉት። ለባዶ ተኩስ የሚሠራ ጥይት የራሱ በጣም ፈጣን ባሩድ አለው፤ ከተራ ጥይት አረር ነቅሎ የሚሠራ ነገር አይደለም። ጠመንጃው ከተመዘገበና ከተፈቀደላችሁ፣ መቀርቀሪያው ተነቅሎ፣ ሰደፉ በዘይት ተወልውሎ፣ ከአያትህ ፎቶ አጠገብ ይቀመጥ። ቀረርቶ የሚያውቁ ሽማግሌ ሰንዳፋ አይጠፉም፤ እሳቸው በአያትህ ስም ያቅራሩ።

የመጨረሻው ከሁሉ ይቀድም ነበር፤ ሰውየው አስቀድሞ የሞላው ካለ ብዬ ነው። ካለ አትተኩሱት። ልፍታው ብላችሁም በፒንሳ አትነካኩት። የተፈለቀቀ ባሩድ ካለም ምድጃ ውስጥ እንዳይጣል፤ ልጆች የሚደርሱበት ቦታም አይቀመጥ። ሁሉንም በካርቶን አድርጋችሁ ከእሳትና ከፀሐይ ራቅ ያለ፣ የሚቆለፍ ቦታ አኑሩት። ከዚያ ፖሊስ ጣቢያ ስትሄድ «ይህም አለ፣ መጥታችሁ ውሰዱ» ብለህ ንገራቸው። አያትህ ያስቀሯቸው አሮጌ ጥይቶች ከተገኙም አብረው ይሂዱ። ቀለሁ ላይ አረንጓዴ ሻጋታ የመሰለ ነገር ካየህበት፣ ወይም ባሩዱ ቀይ ቡናማ አቧራ መስሎ ኮምጣጣ ከሸተተህ፣ እየተበላሸ ነውና ነገ ሳትል ዛሬውኑ ሂድ።